ኤርናኩለምን በስድስት ቀን፦ የኮቺን ምኩራብ፣ አብያተ ክርስቲያናትና ቤተ መቅደሶች የመጎብኛ መመሪያ

ኤርናኩለም በደቡብ ህንድ፣ በኬራላ ግዛት፣ በዓረብ ባሕር ዳርቻ የሚገኝ አውራጃ ነው። ትልቁ ከተማው ኮቺ ነው። በዚህ አውራጃ ምኩራብ፣ የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የሂንዱ ቤተ መቅደስ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ግድግዳ እስከ መጋራት ደርሰዋል። ለጎብኚ ችግሩ እያንዳንዱ የየራሱ መዝጊያ ቀን፣ የየራሱ ሰዓትና የየራሱ ደንብ ያለው መሆኑ ነው። ካርታ አይቶ ብቻ የወጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። እዚህ ጉዞ የሚታቀደው በሳምንቱ ቀናት ነው፤ ይህም መመሪያ የተደረደረው እንደዚያው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ወቅቱን ቁረጡ

የኬራላ ዋናው ክረምት ከእኛው ጋር ይገጥማል፤ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘንባል፣ በጥቅምት ደግሞ ሌላ ዝናብ ይከተላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ ለደጋ ሰው ይከብዳል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ጾመ ነቢያት እዚያው ውስጥ ይወድቃልና ጾመኞች ተራ ቁጥር 5ን ሳታነቡ አትለፉ።

2. ወረቀቱን ጨርሱ

ቪዛውን በህንድ መንግሥት ድረ ገጽ ወይም በኤምባሲው በኩል ብቻ አስጨርሱ። በፍለጋ ላይ ቀድመው የሚመጡት ብዙዎቹ የደላላ ገጾች ናቸው።

ሁለተኛው ወረቀት የሚረሳው ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች፤ የሌለውን ሰው እስከ ስድስት ቀን ለይታ ማቆየት ትችላለች። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጋችሁ ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታሳድሩት። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የምትነሱ ሰዎችም አዲስ አበባ ገብታችሁ ቤተሰብ ጠይቃችሁ የምትቀጥሉ ከሆነ ይመለከታችኋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሙምባይና ዴልሂን ጨምሮ ወደ በርካታ የህንድ ከተሞች ይበራል፤ ከዚያ ወደ ኮቺ የአገር ውስጥ በረራ ትይዛላችሁ። ዱባይ፣ ዶሃ፣ ጅዳ ወይም ኩዌት የምትኖሩ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ የኬራላ ሕዝብ ባሕረ ሰላጤውን ስለሞላው ከነዚህ ከተሞች ቀጥታ በረራ አለ።

3. ቀኖቹን ደርድሩ

መጀመሪያ የሚዘጉትን ለዩ። የፓራዴሲ ምኩራብ ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ዓርብም ስለማያስተማምን ሁለቱንም ቀን ከእቅድ አውጡ። የአይሁድ በዓላትንም አስቡ። የማታንቸሪ ቤተ መንግሥት ዓርብ ይዘጋል። በትሪፑኒቱራ ያለው ሂል ፓላስ ሙዚየም ሰኞ ይዘጋል። የሂንዱ ቤተ መቅደሶች በየቀኑ ቀትር ላይ ተዘግተው የሚከፈቱት ወደ ማምሻው ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያስታርቀው አደራደር ይህ ነው፦ ቅዳሜ ግቡና እረፉ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ፎርት ኮቺ። ሰኞ ማታንቸሪ። ማክሰኞ የቫይፒን ደሴት። ረቡዕ ትሪፑኒቱራና ቾታኒካራ። ሐሙስ ኮታማንጋለም። ዓርብ ካላዲና ማላያቱር፣ ከዚያ አውሮፕላን። ከማን ላይ እንቀንስ ካላችሁ የሐሙሱን ቀንሱ፤ የሰኞውን ግን አትንኩ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ኬራላ የአድማ አገር ነው። ‘ሃርታል’ የተጠራ ቀን ሱቁም አውቶቡሱም ታክሲውም ሊቆም ይችላል። ማታ ማታ የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ «ነገ ሃርታል አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

4. ግቡና ፎርት ኮቺ እደሩ

አውሮፕላን ማረፊያው ኔዱምባሰሪ ላይ ነው፤ ከከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ2015 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል በመሥራት በዓለም የመጀመሪያው ሆኗል። ሻንጣ ካላችሁ አዳራሹ ውስጥ ቅድሚያ ከሚከፈልበት የታክሲ መስኮት ደረሰኝ ቆርጣችሁ ውጡ፤ ዋጋው የታወቀ ስለሆነ ውጪ ክርክር የለም። ሻንጣችሁ ቀላል ከሆነ አሉቫ ድረስ ሄዳችሁ በሜትሮ ባቡር ከተማ መግባት ይቻላል።

ማረፊያችሁን ኤርናኩለም ከተማ መሐል አታድርጉት። እዚያ ያለው ሆቴል፣ ሱቅና የመኪና ጥሩምባ ነው። ለማየት የመጣችሁት አብዛኛው ነገር ከውሃው ማዶ ፎርት ኮቺና ማታንቸሪ ነው፤ በየመንደሩም ቤተሰብ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ አለ። ወደ ከተማው ስትሻገሩ በመንገድ አትዙሩ። ከ2023 ጀምሮ የሚሠራው ‘ዋተር ሜትሮ’ የተባለው የጀልባ አገልግሎት ከሃይ ኮርት ጣቢያ ወደ ፎርት ኮቺ ይመላለሳል፤ አሮጌው የመንግሥት ጀልባም በሳንቲም ያሻግራል። ጀልባው መንገዱን ከማሳጠሩ ሌላ ወደቡን፣ መርከቦቹንና ደሴቶቹን በነጻ ያስጎበኛል።

በየብስ ባጃጅ አለ፤ እዚያ ‘ኦቶ’ ነው የሚባለው። ሳትሳፈሩ ዋጋ ቁረጡ። «በትንሽ ብር ሙሉ ቀን አዞራችኋለሁ» የሚል ከመጣ ከየዕቃ ሱቁ ኮሚሽን ሊበላባችሁ ነውና አመስግናችሁ እለፉት።

5. ጾመኛ ከሆናችሁ

ህንድ አገር ‘ቬጅ’ ማለት ሥጋና ዓሣ የለበትም ማለት ብቻ ነው። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይገባበታል። ስለዚህ «ቬጅ» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ነይ የለም፣ ታይር የለም፣ ሞሩ የለም» በሉ፤ ቃላቱ በኬራላ ቋንቋ በማላያላም ቅቤ፣ እርጎና አሬራ ማለት ናቸው። ደግነቱ የኬራላ ምግብ የሚሠራው በኮኮናት ዘይትና በኮኮናት ወተት ስለሆነ ከሰሜን ህንድ ይልቅ ለጾመኛ ይመቻል። ለቁርስ ‘ፑቱ’ እና ‘ካዳላ’ እዘዙ፤ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ዱቄት ከኮኮናት ጋር፣ ከጥቁር ሽምብራ ወጥ ጋር ነው። ‘አፓም’ም ከቦካ ሩዝ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ ዓይኑ ባይበዛም እንጀራ የናፈቀውን ሰው ያታልላል። ምሳ ላይ በሙዝ ቅጠል ተደርድሮ የሚመጣው ‘ሳዲያ’ በቀኝ እጅ ይበላልና እዚህ ላይ የሚያስተምራችሁ ሰው አያስፈልግም።

6. እሑድ ጠዋት፦ የትኛው ቤተ ክርስቲያን?

ይህ ለተዋሕዶ አማኞች ነው። የኬራላ ክርስቲያኖች ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓ.ም. ከዚህ አውራጃ በስተሰሜን ባለው ጠረፍ ወርዶ ወንጌል ሰበከልን ይላሉ። ዛሬ ግን በብዙ ወገን ተከፍለዋል፤ ‘ሲሪያን’ የሚል ስም በር ላይ ስላያችሁ ብቻ ኦርቶዶክስ አይደለም። ሲሮ ማላባር ካቶሊክ አለ፣ ላቲን ካቶሊክ አለ፣ ማርቶማ የሚባል ተሐድሶ ያገኘ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከእኛ ጋር በእምነት አንድ የሆኑት የማላንካራ ኦርቶዶክስና በአንጾኪያው ፓትርያርክ ሥር ያሉት ያቆባውያን ናቸው። የሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ከእኛ፣ ከግብጽና ከአርመን ጋር ያሰባሰበው ጉባኤ በ1965 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል።

ሁለቱ እርስ በርሳቸው በሕንጻና በንብረት የተካሰሱ ናቸው፤ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ውሳኔ ሰጥቶም ነገሩ አልበረደም። እንግዳ ናችሁና «እናንተ ከየትኛው ወገን ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ አትግቡ። ጫማ አውልቁ፣ ሴቶች ራስ ተከናነቡ፣ ወንዶች በአንድ ወገን ሴቶች በሌላው ቁሙ። ቅዳሴው በማላያላም ነው፤ ሥርዓቱ የሶርያ ነው። መቁረብ የሚፈልግ ሰው ከመሄዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር፣ እዚያም ሲደርስ ከቅዳሴ በፊት ከካህኑ ጋር ይነጋገር።

ከቅዳሴ በኋላ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁ ከታወቀ አንድ ሽማግሌ መጥቶ አጎቴ ወይም እናቴ ኢትዮጵያ አስተማሪ ነበሩ ቢላችሁ አትደነቁ። በንጉሡም በደርግም ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንን የሞሉት የህንድ አስተማሪዎች ብዙዎቹ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው።

7. እሑድ ከሰዓት፦ ፎርት ኮቺ በእግር

የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ጀምሩ፤ የጠዋቱ አገልግሎት አልቆ ለጎብኚ ይከፈታል። ፖርቱጋሎች በ1503 በእንጨት የሠሩት፣ በኋላ በድንጋይ የታደሰ፣ ህንድ ውስጥ ከአውሮፓውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀደምቱ ነው። ከካቶሊክ ወደ ደች ፕሮቴስታንት፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ አንግሊካን፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ደቡብ ህንድ ቤተ ክርስቲያን ተሸጋግሯል። ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን ረጃጅም የጨርቅ ማራገቢያዎች እዩ፤ ገመዳቸውን ውጪ የቆመ ሰው ነበር የሚስበው።

ቀጥሎ ወለሉ ላይ ያለውን የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር ፈልጉ። በታኅሣሥ 24 ቀን 1524 ኮቺ ላይ ሞቶ እዚህ ተቀበረ፤ ከዓመታት በኋላ አጽሙ ወደ ፖርቱጋል ተወሰደ። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ይወጣል፤ እናንተ ግን ትንሽ ቆም በሉ። በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ ምጽዋ ወርዶ አፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ ከግራኝ አህመድ ጋር የተዋጋው፣ በማግስቱ ዓመት ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ የዚህ ሰው ልጅ ነው። ጦሩም የመጣው ከፖርቱጋል ሳይሆን ከዚሁ ከህንድ ጠረፍ ነበር፤ ላኪውም የህንዱ አገረ ገዢ የሆነው ወንድሙ ነው።

የሳንታ ክሩዝ ባዚሊካ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው፤ የጣሪያ ሥዕሉን ለሚወድ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሲመሽ ወደ ባሕሩ ውረዱና የቻይና መረቦቹን እዩ። ትልቅ መረብ በእንጨት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ በገመድ በታሰሩ ድንጋዮች ሚዛን እየተጠበቀ፣ ብዙ ሰው ተባብሮ ያወርደዋል፣ ያወጣዋል። ዓሣ አጥማጆቹ «ኑ ሳቡ» ብለው ይጋብዛሉ፤ መጨረሻው ጉርሻ ነውና ቀድማችሁ ተስማሙ።

ማታ ካታካሊ የተባለውን የኬራላ ባህላዊ የጭፈራ ድራማ ካያችሁ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ። ተዋንያኑ ፊታቸውን ሲቀቡ በተመልካች ፊት ነው፤ ለእኔ ከትርኢቱ ይልቅ እሱ ይበልጣል።

8. ሰኞ፦ ማታንቸሪ

ጠዋት ቤተ መንግሥቱን አስቀድሙ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ሠርተው ለኮቺ ንጉሥ የሰጡት፣ ደቾች ያደሱት ስለሆነ ‘የደች ቤተ መንግሥት’ ይሉታል። ከውጪ ሲያዩት ተራ ቤት ነው፤ ውስጡ ግን የንጉሡ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሂንዱዎቹን ጥንታዊ ተረክ የራማያናን ታሪክ በሥዕል ይዟል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነውና ካሜራችሁን ከትታችሁ በዓይን ጥገቡ።

ከጀርባው የቤተ መንግሥቱ ቤተ መቅደስ አለ፤ ከቤተ መቅደሱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ደግሞ በ1568 የተሠራው የፓራዴሲ ምኩራብ ነው። ቦታውን ለአይሁዶቹ የሰጣቸው የኮቺ ንጉሥ ነበር። በ1760 የተሠራው የሰዓት ማማ በየፊቱ የተለያየ የቁጥር ፊደል አለው። ስትገቡ እንዲህ አድርጉ፦

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። በሩ ላይ ጫማ አውልቁ፤ በሌላው ዓለም ምኩራቦች ያልተለመደ ቢሆንም እዚህ ደንብ ነው፣ ለእኛ ግን አዲስ አይደለም። ቦርሳና ካሜራ ይገባ እንደሆን ጠባቂውን ጠይቁ። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ታች እዩ። ወለሉ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቻይና በመጡ፣ በእጅ በተሣሉ ሰማያዊና ነጭ ሸክላዎች የተነጠፈ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም ይባላል። ቀጥሎ ወደ ላይ፤ የቤልጅግ ብርጭቆ መቅረዞቹን። ከዚያ ኦሪቱ ወደሚቀመጥበት ታቦት ተጠጉ። ከምኩራቡ ሀብቶች መካከል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስጦታ ያበረከቱት በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ይቆጠራል። የመግቢያ ትኬት የሚቆርጥላችሁን ሰው ስለ እሱ ብትጠይቁት አገራችሁን ያውቃል።

የኮቺ አይሁዶች ከ1948 በኋላ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ገብተዋል፤ ሰፈሩ የቀረው ለቅርስና ለሱቅ ነው። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች ከጉዞው በፊት ወይም በኋላ ሁለት ቦታ እዩ፦ በኢየሩሳሌም የእስራኤል ሙዚየም ከኮቺ ተነቅሎ የመጣ የምኩራብ ውስጠኛ ክፍል ቆሟል፤ በቤር ሼቫ አጠገብ ኔቫቲም ደግሞ ኮቺኖች የሠሩት ምኩራብና ሙዚየም አለ። ሰዎቹን ሳይሆን ድንጋዩን ብቻ አይቶ መመለስ ጎዶሎ ነው። አውራጃው ውስጥ ተጨማሪ ለምትፈልጉ በስተሰሜን የፓራቩርና የቼንዳማንጋለም ምኩራቦች ሙዚየም ሆነው ተከፍተዋል፤ ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ሰውም አይጋፋባቸውም።

ቅመም መግዛት የሚፈልግ ከምኩራቡ ደጃፍ አይግዛ፤ እዚያ ያለው ዋጋ የጎብኚ ነው። ወደ ባዛር መንገድ ወርዳችሁ ነጋዴዎቹ በጆንያ ከሚሸጡበት ግዙ። ቁንዶ በርበሬና ሄል ይህ ጠረፍ በዓለም የታወቀበት ነው። ሄሉ አረንጓዴና ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ በጣታችሁ ፈልቅቃችሁ ፍሬው ጥቁርና እርጥብ መሆኑን እዩ።

9. ማክሰኞ፦ ቫይፒንና ቫላርፓዳም

በመጀመሪያ ከድልድዮቹ መካከል ባለችው ትንሽ ደሴት የቫላርፓዳም እመቤታችን ባዚሊካ ውረዱ። ካቶሊክ ናት፤ ነገር ግን ሂንዱውም ይሳልባታል። በ1752 አንዲት የሂንዱ እናት ከነልጇ በማዕበል ሰምጣ በእመቤታችን ልመና ተረፈች የሚል ታሪክ አላት፤ በመሠዊያው ሥዕል ላይ እናትና ልጅ ይታያሉ። ተሳላሚ መጥረጊያ ይዞ ግቢውን ይጠርጋል፤ ስለቱ ይኸው ነው። መጥረግ ከፈለጋችሁ ማንም አይከለክላችሁም። በዓሏ በመስከረም 24 በፈረንጅ ነው፤ በዚያ ሳምንት መንገዱ አይንቀሳቀስም።

ከዚያ የቫይፒንን ደሴት ይዛችሁ ወደ ሰሜን እስከ ቼራይ ንዱ። በአንድ ወገን ባሕር በሌላው የውስጥ ውሃ ያለበት ረጅም አሸዋ ነው። በክረምት ማዕበሉ ሰው ይወስዳል፤ በበጋ ግን ለመዋኘት ከፎርት ኮቺ ዳርቻ እጅግ ይሻላል። ፎርት ኮቺ ላይ አትዋኙ፤ ውሃው ቆሻሻ ነው።

10. ረቡዕ፦ ትሪፑኒቱራና ቾታኒካራ

ሜትሮው ከ2024 ጀምሮ ትሪፑኒቱራ ድረስ ይሄዳል። ሂል ፓላስ በ1865 የተሠራ የኮቺ ነገሥታት መኖሪያ ነበር፤ ዘውዱን፣ ሠረገላውንና ግቢውን ለማየት ግማሽ ቀን ስጡት። ትሪፑኒቱራ በ1922 ጳውሎስ ማር ግሬጎሪዮስ የተወለዱባት ከተማ ናት። በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ መጥተው ያስተማሩ፣ አማርኛ የለመዱ፣ ቆይተውም ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ በአማካሪነት የሠሩ፣ በኋላ የማላንካራ ጳጳስ የሆኑ ሊቅ ናቸው።

ማምሻውን ወደ ቾታኒካራ ባጋቫቲ ቤተ መቅደስ ሂዱ። ባጋቫቲ የሚሏት የሂንዱ ሴት አምላክ በአንድ ቀን ሦስት መልክ ትይዛለች፦ ጠዋት ነጭ፣ ቀትር ቀይ፣ ማታ ሰማያዊ ትለብሳለች። ርኩስ መንፈስ ያሠቃየውን ሰው ዘመድ እዚህ ያመጣል፤ ዛፉ ላይ የተመቱትን ምስማሮች ታያላችሁ። በኬራላ አብዛኛው ቤተ መቅደስ ውስጠኛውን ክፍል ለሂንዱ ብቻ ይፈቅዳል፣ ወንዶችም ሸሚዝ አውልቀው ሽርጥ አገልድመው ነው የሚገቡት። ስለዚህ አጥሩ ላይ ቆማችሁ ጠይቁ፤ አይሆንም ካሉ ከውጪ ማየት ይበቃል። የታመመን ሰው ፎቶ አታንሱ።

11. ሐሙስ፦ ኮታማንጋለም

ከጠረፉ ወደ ተራራው አቅጣጫ በአውቶቡስ ትሄዳላችሁ። የማር ቶማ ቤተ ክርስቲያን በ1685 በስተርጅና ከሞሱል አካባቢ መጥተው እዚሁ ያረፉት የቅዱስ ባስልዮስ ይልዶ መቃብር አለበት። መንገድ ያሳያቸው ሂንዱ እረኛ ነበር ይባላል፤ እስከ ዛሬ በዓላቸው ሲከበር መብራት ይዞ ከፊት የሚሄደው የእረኛው ዘር ነው። በዓሉ በፈረንጅ ጥቅምት 2 እና 3 ነው። ይህን ቀን ለማረፍ የምትፈልጉ ሰዎች በምትኩ በኤርናኩለም ከተማ ጫፍ ኢዳፓሊ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ማየት ትችላላችሁ፤ ካቶሊክ ነው፣ ስለት የሚገባውም በዶሮ ነው።

12. ዓርብ፦ ካላዲ፣ ማላያቱር፣ አውሮፕላን

ሁለቱም ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ስለማይርቁ ከሆቴል ወጥታችሁ ሻንጣችሁን በተከራያችሁት መኪና ጭናችሁ ዙሩ። ጎህ ሳይቀድ ተነሡና ማላያቱርን አስቀድሙ፤ ፀሐይ ከወጣች ዳገቱ ይበረታል። ኩሪሱሙዲ የተባለው ኮረብታ 609 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሐዋርያው ቶማስ የጸለየበት ነው ይላሉ፣ በዓለቱም ላይ የእግሩን አሻራ ያሳያሉ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ በአሥራ አራቱ የመስቀል ጉዞ ማቆሚያዎች እያረፋችሁ ውጡ። ውሃ ያዙ፤ ጫማችሁ የሚንሸራተት አይሁን። ትልቁ በዓል ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ነው፤ እኛ ዳግማይ ትንሣኤ ብለን ቶማስን የምናስብበት ማለት ነው። እነሱ ግን ፋሲካን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያከብራሉና ቀኑን ከኢትዮጵያ ካላንደር አትቁጠሩ። በሁዳዴያቸው ሌሊት ሌሊት ከባድ የእንጨት መስቀል ተሸክሞ የሚወጣውን ሕዝብ ማየት ትችላላችሁ፤ ግን ትንሽ ልጅ ይዛችሁ አትግቡበት።

ወርዳችሁ ካላዲ ቁርስ ብሉ። አድቫይታ የተባለው የሂንዱ ፍልስፍና መምህር አዲ ሻንካራ የተወለደባት መንደር ናት። ፔሪያር ወንዝ ዳር የአዞ መውረጃ የሚሏትን ቦታ ጠይቁ፦ ሕፃኑ ሻንካራ ሲታጠብ አዞ እግሩን ያዘው፣ እናቱንም «መናኝ እንድሆን ፍቀጂልኝ» አላት፣ ስትፈቅድ አዞው ለቀቀው ይላሉ። የሕይወት ታሪኩ የተሣለበት ባለ ብዙ ፎቅ ማማ ለሁሉም ክፍት ነው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ኔዱምባሰሪ ንዱ። ህንድ ውስጥ ተርሚናል በር ላይ የቆመው ወታደር ፓስፖርትና ትኬት ሳያይ አያስገባም፤ ስልካችሁ ባትሪ ጨርሶ እንዳይሆን ትኬቱን በወረቀት አትማችሁ በፓስፖርቱ ውስጥ አስቀምጡ። ቅመሙን አሽጋችሁ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት።